ከምዕራፍ አንድ በፊት የነበረው ስም

ይህ ነገር የገጠመኝ ኢሕአዴግ አገር በሚመራበት ዘመን፣ ታብሌት መርካቶ መግባት በጀመረበት ሰሞን ነው። ስልኬ ላይ መጽሐፍ በከፈትኩ ቁጥር ትዝ ስለሚለኝ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

እኔ መርካቶ ጫማ እሸጣለሁ። ታላቅ ወንድሜ ጌታሁን ግን ሠዓሊ ነበር። በሕይወቱ የታተመለት ሥራ በአንድ የልጆች መጽሐፍ ውስጥ የሣላቸው ሥዕሎች ብቻ ናቸው። መጽሐፉ በወጣ በዓመቱ ታሞ ሞተብን።

ከዚያ በኋላ መጽሐፉ የእናቴ ሆነ። ማንበብ አትችልም፤ ገጾቹን ግን ከእኔ በላይ ታውቃቸው ነበር። መጀመሪያ ሽፋኑን ትገልጥና «ሥዕል፦ ጌታሁን» የሚለውን ገጽ ትስማለች። ቀጥላ እህል በረንዳ ወደተሣለበት ገጽ ትሄዳለች። እዚያ ሰፌድ ይዛ እህል የምታበጥረው ሴት እሷ ናት። ወጣትነቷን እዚያ በረንዳ ላይ ነው የጨረሰችው፤ ልጇም ፊቷን አልሳተውም። በጣቷ እየዳበሰች «እጄን እንኳ አልረሳም» ትለኝ ነበር።

እያደር ዓይኗ ደከመና ሥዕሉ ጠፋባት። በዚያው ሰሞን አንድ ደንበኛዬ ታብሌት ላይ ማንኛውም ነገር በጣት ሲለጠጥ እንደሚጎላ አሳየኝ። ነገ ዛሬ ሳልል ገዛሁ። ጭድ ተራ አጠገብ ፍቃዱ የሚባል የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ያለው ሰው መጽሐፍ ታብሌት ላይ ይጭናል ሲባል ሰምቼ ነበር። እናቴ መጽሐፉን ስትሰጠኝ «የእጁን ሥራ ደግሜ ላየው ነው?» አለችኝ። ፍቃዱንም «እናቴ ዓይኗ ደክሟልና እንዲጎላላት አድርገህ ጫንልኝ» አልኩት።

በሳምንቱ ታብሌቱን ከፍቶ ሲያሳየኝ ፊደሉ ጉልህ ነው። ሌላውን ሳላይ ሱቄን ዘግቼ ቤት ሮጥኩ።

እናቴ ጎን ተቀምጬ ከፈትኩት። «ምዕራፍ አንድ» ይላል። ወደ ኋላ ገፋሁ፤ ምንም የለም። ወደ ፊት ገፋሁ፤ ጽሑፍ፣ ጽሑፍ፣ አሁንም ጽሑፍ። እናቴ እንደ ልማዷ ጣቷን ሰዳ ዳበሰች። ገጹ ተገለበጠ። ደግማ ዳበሰች፤ ደግሞ ተገለበጠ።

«ምነው ይሸሸኛል?» አለችኝ።

በማግስቱ ማለዳ ፍቃዱ ዘንድ ሄድኩ። እሱ ያጎላው ፊደሉን ነው። ዓይኗ ደክሟል ስለው ማንበብ ያቃታት እናት መስላዋለች። መጽሐፉን ገነጣጥሎ ለሚተይቡለት ልጆች አካፈለና እንደ አዲስ አስተየበው። ሥዕል ደግሞ አይተየብም። የፊተኞቹን ገጾች ማንም አያነባቸውም ብሎ ሁልጊዜም ይዘላቸዋል፤ ደንበኛው ሲከፍት ቀጥታ ታሪኩ ላይ እንዲያርፍ። ክፉ ሰው ቢሆን ጮኼበት ይወጣልኝ ነበር። ግን ከእኔ በላይ ደነገጠ።

«ወረቀቱስ?» አልኩት።

«ከብጥስጣሹ ጋር ለበርበሬ በረንዳ ሰጠነው» አለኝ አንገቱን ደፍቶ። ለመጠቅለያ ማለቱ ነው።

በርበሬ በረንዳ እያስነጠሰኝ ዋልኩ። ከአንዱ መደብ ወደ አንዱ እየዞርኩ የመጠቅለያ ክምር ሳገላብጥ ነጋዴዎቹ መጀመሪያ ያበድኩ ነበር የመሰላቸው። ነገሩን ስነግራቸው አንዲት እትዬ ሚዛናቸውን ትተው አብረውኝ ፈለጉ። ከጎናቸው ሆኜ የበርበሬ ጥቅል ይዞ የሚሄደውን ገዢ ሁሉ እጅ እጁን አየሁ። አላገኘሁም።

ማታ ለእናቴ እንዴት ብዬ ልንገራት? ገና ስገባ «እስቲ ስሙ ያለበትን አንብብልኝ» አለችኝ። ታብሌቱን ከፈትኩ። ምዕራፍ አንድ ላይ አፍጥጬ «ሥዕል፦ ጌታሁን» አልኳት። ጎንበስ ብላ ሳመችው። ገጹ ከከንፈሯ ሥር ተገለበጠ።

ቀና ብላ አየችኝና ታብሌቱን ወደ እኔ ገፋችው። ከዚያ ወዲህ መጽሐፉን አምጣልኝ ብላኝ አታውቅም።

አሁን እሷም የለችም። ዛሬ መጽሐፎች በስልኬ እያነበብኩ ነው የምውለው፤ አብዛኞቹም ምዕራፍ አንድ ላይ ይጥሉኛል። እኔ ግን ታሪኩን ከመጀመሬ በፊት ወደ ኋላ እገፋለሁ። ማን ሣለው፣ ለማን ተጻፈ ብዬ እፈልጋለሁ። ምንም ሳጣ ልቤ እንደ አዲስ ይሰበራል። እዚያም አንዲት እናት የምትስመው ስም ይኖር ነበር እላለሁ።