እግሩ የእሷ፣ ወሬው የወንድሟ

ልብስ ሰፊዋ ትዳሯን ፈትታ ታላቅ ወንድሟ ግቢ ከገባች ወዲህ የኔ የምትለው መኪናዋን ብቻ ነው። በእግር የሚረገጥ አሮጌ የስፌት መኪና። ከሞቀ በኋላ እግሯ ይንዳው እሱ እግሯን ይንዳ አይለይም። ደንበኞቿ ኩርፊያዋን ከፊቷ ሳይሆን ከፔዳሉ ነው የምናውቀው እያሉ ያሾፉባታል።

ታዲያ ያ እግር መደንዘዝ ጀመረ። አንድ ዓይኗም ደብዝዞ ከርሞ ተመለሰ። ሐኪሙ መልቲፕል ስክለሮሲስ ነው አላት፤ የሰውነት መከላከያ የገዛ ነርቮቹን ሽፋን ጠላት መስሎት የሚያጠቃበት ሕመም። ከዚያ የደረሰውን ጉዳት ለማየት ኤም አር አይ የተባለውን የአንጎል ምስል አዘዘላት። እየተንኳኳ በሚጮኸው የማሽኑ ቱቦ ውስጥ ተጋድማ የናፈቃት የመኪናዋ ድምፅ ነበር።

የአንጎሏ ምስል ሲደርስ ታዲያ ማን ተጠራ? ወንድሟ። እሷ ኮሪደር ላይ የሱን ጃኬት ይዛ ተቀመጠች። አዋቂ ሴት፣ ቤተሰብ ስትመግብ የኖረች፣ ስለ ገዛ ጭንቅላቷ ለመስማት ዕድሜዋ ያልደረሰ ይመስል! ወንድሟ ፈገግ ብሎ ወጣና ድካም ቢጤ ነው አላት። ያስፈራት ፈገግታው ነው።

ሳምንት ሳይሞላ ፔዳሉን አስነቅሎ ቆጥ ላይ ሰቀለው፤ በምትኩ ማዘዣውን በእግር ሳይሆን በጉልበት ገፋ የሚያደርጉት የኤሌክትሪክ ሞተር አስገጠመላት። ሞተሩ ጨርቁን ከእጇ እየነጠቀ ይበር ጀመር። ምሳ ስትበላ እንኳ እግሯ ከጠረጴዛው ሥር ባዶ አየር ይረግጣል።

«ጋሼ፣ ሐኪሙ ምን አለህ?»

«እንዳትደክሚ ብዬ ነው እንጂ።»

«እሱን አልጠየቅኩህም።»

ጋሼ ብርጭቆውን አንስቶ ወጣ።

በማግስቱ ብቻዋን ሐኪሙ ዘንድ ገባች። «ወንድምሽ አልነገረሽም?» አላት።

«ዶክተር፣ ጭንቅላቱ የኔ ነው። ለኔ ያሳዩኝ።»

ሐኪሙ አፈር ብሎ ስክሪኑን አዞረላት። ጥቁር ጨርቅ በጠመኔ የተነካካ ይመስላል። ሕመሙ የተዋቸው ነጭ ነጠብጣቦች ብዛትና ቦታ፣ የአንጎሉም መጠን መቀነስ ወደፊት ማን መራመድ ሊቸግረው እንደሚችል ለመገመት እንደሚረዳ አስረዳት። የእሷ ግምት ደግ አይደለም፤ እግርን ወደሚያዘው የነርቭ መስመር የተጠጉ ነጠብጣቦች አሉ። ቢሆንም ምስሉ የሚያውቀው እንደሷ ያሉ ብዙ ሰዎችን እንጂ እሷን ብቻ ለይቶ አይደለም፤ መድኃኒቱም ቶሎ ከተጀመረ ሊያዘገየው ይችላል። አለቀሰች፤ ሐኪሙም ጠበቃት።

«እስከዚያው ፔዳል ልርገጥ?»

«እስከቻልሽ ርገጪ። ሲደክምሽ ማረፍ ነው እንጂ መርገጡ አይጎዳሽም።»

«ይህን ለወንድሜ ነግረውታል?»

«አልጠየቀኝም።»

ቤት ስትደርስ ወንድሟን ፔዳሉን አውርድልኝ አለችው።

«ብትወድቂብኝስ?»

«ስወድቅ አንሳኝ። ሳልወድቅ ግን አታንሳኝ፣ ጋሼ። የቀረኝን ልርገጠው፤ ናፍቆኛል።»

ዓይኑን በእጅጌው ጠርጎ መሰላል ሊያመጣ ወጣ። እሷ እስኪመለስ አልጠበቀችም፤ የሞተሩን ብሎን መፍታት ጀመረች።