ትንሿን ውሻ ያስጾምኩ ጊዜ

ውሻዪቱ ቤቴ የገባችው በሹራብ እጅጌ ውስጥ ሆና ነው። እዚሁ ደብረ ታቦር የምታስተምረው የልጄ ልጅ ለሁለት ወር ሥልጠና አዲስ አበባ ልትሄድ ስትል፣ «እማማ፣ እስክመለስ ይያዙልኝ» ብላ እጅጌውን ጭኔ ላይ አስቀመጠችው። መጀመሪያ ሁለት ጆሮ ወጣ፤ ቀጥሎ ሁለት ትልልቅ ዓይን። ከዚያ ወዲያ ብዙ የሚወጣ ነገር አልነበረም።

«ቡችላ ናት?» አልኳት።

«አራት ዓመቷ ነው። ዘሯ ቺዋዋ ይባላል። ከዚህ በላይ አታድግም።»

በእጄ መዘንኳት። ከዶሮዬ ትቀላለች። ራሷን ስዳብስ አናቷ ላይ እንደ ሕፃን እርግብግቢት ያለ ለስላሳ ቦታ አገኘሁ። ደንግጬ እጄን አነሳሁ። የልጄ ልጅ፣ ይህ በዘሩ ያለ ነው፣ ብዙዎቹ እስኪያረጁ አይገጥምላቸውም አለችኝና የተጻፈ ወረቀት ሰጠችኝ።

ወረቀቱ እንዲህ ይላል፦ በቀን አራት ጊዜ ትንሽ ትንሽ ትብላ። ብርድ አይንካት። ከመደብ ላይ አትዝለል፣ ጉልበቷ ይወልቃል። በአንገቷ አትታሰር፣ በደረቷ እንጂ። ጥርሷ ቶሎ ስለሚበላሽ በየቀኑ በጨርቅ ይታሽ።

እኔ ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቀርቷል፤ ማንበብ ግን አይሳነኝም። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ይህን የምለው ኋላ የመጣው ጥፋት ካለማንበብ የመጣ እንዳይመስል ነው።

የሚበዛውን ታዝዣለሁ። ከጉና ተራራ የሚወርደው ንፋስ ሰውንም ስለሚያንቀጠቅጥ፣ ካረጀ ካፖርት እጅጌ ቆርጬ፣ ለእግሯ ሁለት ቀዳዳ አውጥቼ አለበስኳት። ጎረቤቴ በአጥሩ ላይ አየችኝ።

«እትዬ፣ ለውሻ ካፖርት ሲሰፋ አየሁ። ለእኔስ መቼ ነው?»

«አንቺ የራስሽ ስብ አለሽ» አልኳት።

ግቢ ስትወጣ ጭላት እንዳይወስዳት እንደ ጫጩት አጠገቧ ቆሜ እጠብቃለሁ። እሷ ግን ትንሽ መሆኗን የነገራት የለም። የጎረቤቴን ወጠጤ ጮኻ ከበሩ መልሳዋለች። ዘጠኝ ዓመት ደጄን የጠበቀው ትልቁ ውሻዬ የሚተኛበትን ጆንያ በሁለተኛው ቀን ወረሰችበት። እሱ ዳር ላይ ተኛ። እኔን ያናደደኝ ይህ ነው።

አራት ጊዜ የሚለውም አልዋጥልሽ አለኝ። እኔ ሰባት የልጅ ልጅ ሳሳድግ ዳቦ በክር ለክቼ ነው የቆረስኩት። የአንዱ ቁራሽ ከሌላው ቢበልጥ ጎራርጄ አስተካክል ነበር። ትልቁ ውሻ በቀን አንዴ እየበላ፣ ጆንያውን የቀማችው አራት ጊዜ ትብላ? ያም ሆኖ ሁዳዴ እስኪገባ እንደ ወረቀቱ አደረግሁ።

ሁዳዴ ሲገባ ምክንያት አገኘሁ። በቤቴ በጾም ቅዳሴ ሳይወጣ ምድጃ አይነካም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ እኔ ስቀምስ ትልቁም ይበላል። እንግዲህ እሷም ከእኛ ጋር ትብላ አልኩ። ለሁለቱም በውኃ የራሰ እንጀራ እኩል ሰጠኋቸው። ሁለት ጉርሻ ወስዳ ትተወዋለች፤ የቀረውን እሱ ይጨርሰዋል። እኔ ጠግባ መስሎኛል።

በአምስተኛው ቀን ከቅዳሴ ስመለስ በሩ ድረስ አልመጣችም። ጆንያው ላይ በጎኗ ወድቃለች። ላቆማት ብሞክር እግሯ ተብረከረከ። ድዷ ነጥቷል። ጎረቤቴ ሮጣ መጣችና፣ «ዓይን ነው፣ እትዬ። ያን ካፖርት ለብሳ ስትወጣ ስንቱ አያት» ብላ ጤና አዳም ልትቆርጥ ሄደች። እኔ በነጠላዬ ጠቅልዬ ባጃጅ ላይ ወጣሁ። አደራ ያስቀመጠችብኝ የልጄ ልጅ ስትመጣ እጅጌውን ባዶ ማስረከብ ብቻ ነበር የታየኝ።

የእንስሳት ሐኪሙ በግና አህያ ይዘው በተሰለፉ ገበሬዎች መሐል ቆሟል። ነጠላዬን ገለጥኩለት።

«እማማ፣ እኔ በሬ ነው የማክመው» አለ። ግን ጎንበስ ብሎ ድዷን አየ። «መቼ ነው የበላችው?»

«ትናንት በዘጠኝ ሰዓት።»

«ከዚያ ወዲህስ?»

«ጾም ነው።»

ቀና ብሎ አየኝ። «እሷም ትጾማለች?»

«በቤቴ ያለ ሁሉ እኩል ነው።»

ተራ የሚጠብቀው አህያ የያዘ ሰው ሳቀ። ሐኪሙ አልሳቀም። ከጎኑ ካለው ሻይ ቤት ስኳር አስመጥቶ፣ በጠብታ ውኃ በጥብጦ፣ በጣቱ ድዷን ያሽላት ጀመር። «ትልቅ ውሻ የበላውን ይዞ ይቆያል» አለኝ እያሸ። «ይቺ እንደ ኩራዝ ናት። የምትይዘው ጋዝ ትንሽ ነው፤ ካልጨመሩላት ትጠፋለች።»

«ትድናለች?»

«እንጠብቅ።»

አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ጠበቅሁ። እሱ ሁለት በግ መርፌ ወግቶ ተመልሶ እንደገና አሸላት። ለሦስተኛ ጊዜ ሲመለስ ምላሷ ተንቀሳቀሰ፤ ስኳሩን ላሰች። ቀጥላ ጣቱን ነከሰችው።

«ድናለች» አለ፣ ጣቱን እየጠረገ። «አሁን ዕንቁላል ቀቅለው ይስጧት።»

ማታውኑ የንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። «አባ፣ በሁዳዴ ለውሻ ዕንቁላል ብቀቅል ጾሜን ሻርኩ?» አልኳቸው።

«አንቺ ካልበላሽው ምን ሻርሽ?» አሉኝ። «ሕፃንና በሽተኛ የማይገደዱበትን ጾም ውሻ ላይ የጫንሽው ማንን አስፈቅደሽ ነው?»

ቤቴ ተመልሼ ዕንቁላል ጣድኩ።

ከዚያ በኋላ አራት ጊዜ አበላሁ። የቀኑን ምግቧን አንድ ቀን ሰበሰብኩና ለካሁት፤ ሁለት ሲኒ አይሞላም። የትልቁ አንድ ጣሳ ነው። ያን ሁሉ ዘመን ክር ስዘረጋ የሚበላውን ሰው ሆድ አልለካሁም ነበር። ለትልቁም አዲስ ጆንያ ገዛሁለት፤ አንዴም አልተኛበትም፣ ከአሮጌው ዳር አልነሳም አለ።

የልጄ ልጅ የፋሲካ ማግስት መጣች። ጫማዋን ሳታወልቅ ነገርኳት፣ ከጎረቤቴ ሳትሰማው።

ውሻዪቱን አንስታ የጎኗን አጥንት በጣቷ ቆጠረች።

«ጽፌልዎት ነበር፣ እማማ።»

«ጽፈሽልኝ ነበር። አንብቤዋለሁ። አንብቤ ነው የሻርኩት።»

«ለምን?»

«ለትልቁ አዝኜ። እኩል ያደረግሁ መስሎኝ።»

ይዛት ሄደች። አልተቆጣችም፤ ቡናም ሳትጠጣ ነው የሄደችው። ፍርዷን ተቀበልኩ።

ሐምሌ ሲገባ ግን ተመልሳ መጣች፤ እንደገና ሥልጠና ነበረባት። እጅጌው ክንዷ ላይ ነው።

«ለጎረቤቴ ስጫት» አልኳት። «እኔ አደራ በልቻለሁ።»

«ጎረቤትዎ ማንበብ አይችሉም።»

«እኔ መቻሌ ምን ፈየደ?»

«አሁን ሲያነቡ የሚታዘዙ ይመስለኛል» ብላ ጭኔ ላይ አስቀመጠቻት።

ይህን የምጽፈው በፍልሰታ ነው። ውጭ ዝናብ ነው፤ ትንሿ ጋቢዬ ውስጥ ናት። ከቅዳሴ በፊት ዕንቁላሏን ሰጥቻት ነው የወጣሁት፣ ሽታው አፍንጫዬ ውስጥ እንዳለ አስቀደስኩ። ወረቀቱን ግድግዳው ላይ በሚስማር መትቼዋለሁ። ከሥሩ በገዛ እጄ አንድ መስመር ጨምሬበታለሁ፦ ጾም አይመለከታትም።