በሩን የዘጋችው ታፕራንዲች

ታፕራንዲች በኬሪቾ በሚገኘው የሻይ ፋብሪካችን ግቢ ውስጥ ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት መጥረጊያ ይዛ ሠርታለች። ፋብሪካው ማገዶ መቆጠብን ተምሮ ሌላውን የሚያሠለጥን ሠራተኛ ሲፈልግ ከወንዶቹ ፈቃደኛ ጠፋ፤ እጇን ያወጣችው እሷ ነበረች። ሦስት ሳምንት ተምራ ተመለሰችና ለቅጠል ማድረቂያው እንፋሎት የሚያፈላውን ቦይለር አንዳጆች እንድታስተምር ተመደበች።

የአንዳጆቹ አለቃ አራፕ ሲጌይ ከአባቷ ጋር በአንድ ዘመን የተገረዘ ሰው ነው። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለው ሰው እንደ አባት ነው፤ ልጅ አታዝዘውም። እሱና ጓደኞቹ የቦይለሩን የእሳት በር ከፍተው በቆሎ ይጠብሳሉ፤ ሹፌሩም ቅጠል ለቃሚውም እየመጣ ይበላል። እኔ ቅጠል መዛኙም ስንት ቀን በልቻለሁ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። በሩ ሲከፈት ቀዝቃዛ አየር ገብቶ እንፋሎቱን ያወርደዋል፤ እነሱም ግንድ ይጨምራሉ።

ሥራ አስኪያጁ አንድ ሳምንት ሰጣት። ማገዶው ካልቀነሰ ሥልጠናው ይቀራል፤ ከመንደሯ በላይ ያለው የኮረብታው ዛፍም ለቦይለሩ ይቆረጣል። ውሃ የምትቀዳበት ምንጭ የሚፈልቀው ከዚያ ኮረብታ ሥር ነው።

«አባቴ፣ በሩን እንዝጋው» አለችው በመጀመሪያው ቀን።

«መጥረጊያሽን የት ጣልሽው?»

«ሥራ ቀየርኩ።»

«እኔ ይህን እሳት ማንደድ ስጀምር አንቺ ንፍጥሽን እንኳ መጥረግ አታውቂም ነበር! ሦስት ሳምንት ወንበር ላይ ተቀምጠሽ መጣሽና እሳት ልታስተምሪኝ? በቆሎዬንስ ማን ሊጠብስልኝ ነው?»

«ቤት እማማ አሉ አይደል?»

«እሷማ ታሳርረዋለች!» አለ ሳያስበው።

ሁሉም በእሱ ሳቁ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ጠመዳት። ጓደኞቹም ሰላምታ ነፈጓት፤ «ወይዘሮ ዝጉ» ብለው ስም አወጡላት፤ ስታልፍ መሬት ላይ ይተፋሉ። እነሱ በሩን ይከፍታሉ፣ እሷ ትዘጋለች፤ በቀን አርባ ጊዜ። እንዲያም ሆኖ በአራተኛው ቀን የማገዶው ክምር እንደ ድሮው አልጎደለም። እኔም በልቤ ጌታን አመሰገንኩ።

በአምስተኛው ቀን ጠዋት እንፋሎቱ ወደቀ። በማድረቂያው ላይ የነበረው ቅጠል ግማሹ ተበላሸ። ሥራ አስኪያጁ እየሮጠ መጣ።

«ይኸው!» አለ አራፕ ሲጌይ። «በሩን ዘግታ እሳቱን አነቀችው!»

«ሥልጠናው እዚህ ላይ ይብቃ» አለ ሥራ አስኪያጁ።

ታፕራንዲች ከክምሩ ሁለት ግንድ አንስታ አጋጨች። ድምፁ ድፍን ነበር። ሌላ ሁለት አነሳች፤ ጥርት ብሎ ጮኸ። እንዲህ እያንኳኳች ድምፃቸው ድፍን የሆነ አሥራ አንድ ግንድ ለየች።

«ትናንት የደረደርኩት ሁሉ ደረቅ ነበር» አለች። «እነዚህ እርጥብ ናቸው፤ እንፋሎቱን የጣሉት እነሱ ናቸው። ራስዎ ያንኳኩት።»

ሥራ አስኪያጁ አንኳኳ። ፊቱ ተለወጠ። «ማነው የቀላቀለው?»

ሁሉም አቀረቀሩ። አራፕ ሲጌይ እጁን ወደ ኋላው ወሰደ፤ ትኩስ የዛፍ ሙጫ ተጣብቆበት ነበር። እኔ አየሁት። እሷም አየችው።

«እርጥቡን ከደረቁ መለየት ያልተማረ ሰው ይቀላቅላል» አለች። «ሰኞ ሁሉንም ይላኩልኝ።»

ሥራ አስኪያጁ ግንዱን ወረወረው። «ይሁን፤ ሥልጠናው ይቀጥል፣ ኮረብታውም ለጊዜው አይነካ። ሰኞ ያልመጣ ግን እኔ ዘንድ ሥራ የለውም።»

ሰኞ ሁሉም ፊታቸውን አጥቁረው መጡ። አራፕ ሲጌይ መጨረሻ ላይ ገባና ወንበሩን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተቀመጠ።

«ምነው አባቴ?»

«ተማር ተባልኩ፣ መጣሁ። ጀርባዬን አስተምሪው።»

«እሺ» አለች። ከኋላው ቆማ ሁለት ግንድ ተራ በተራ አንኳኳች። «የትኛው ነው እርጥቡ?»

ሳይዞር ጆሮውን ወደ ኋላ አዘነበለ።

«ሁለተኛው» አለ በመጨረሻ። «አሁን ከኋላዬ ዞር በይልኝ።»