«ወርዶ አነሳኝ» ያለችው ሴት

ነገሩ ከሆነ ሁለት ዓመት አልፎታል። አሁን ማንም አይወቅሰኝም፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ ሳስበው አፍራለሁ።

ድሬ ዳዋ ውስጥ ባጃጅ ነጂ ነኝ። ያን ቀን ከምሳ በኋላ አንድ ሰውዬ ጭኜ በታይዋን ገበያ በኩል እያለፍኩ ነበር። እሱን አድርሼ ጓደኞቼ ጋ በርጫ ልቀመጥ፣ ጫቴን ልቅም ቸኩያለሁ። መንገድ የምታቋርጥ ሴት በጎን ገጨሁ። ወደቀች። ፌስታሏ ተቀዶ ቲማቲሙ አስፋልቱ ላይ ተበተነ።

ቆምኩ፤ ግን አልወረድኩም። ሴትየዋ እጇን ይዛ በራሷ ተነሳች።

«ደህና ነሽ?» አልኳት አንገቴን አውጥቼ።

«አልሃምዱሊላህ» አለች። ያ በቃኝ።

ሰውዬው ግን «ሰው ገጭተህ ለትራፊክ ሳታስመዘግብ ወዴት ነው?» አለኝ።

«ደህና ነኝ ብላለች እኮ!»

እዚያው ወረደ። እኔ ነድቼ ሄድኩ።

ለካ ታርጋዬን ጽፎ ሰጥቷት ኖሯል። ሐኪም ቤት ስትሄድ አጥንቷ ተሰብሮ ተገኘ። በባጃጁ መድን ለመታከም የፖሊስ ወረቀት አምጪ ስትባል ለፖሊስ አመለከተች።

በሦስተኛው ቀን ጣቢያ ተጠራሁ። እጇ በጄሶ ታስሮ ተቀምጣለች። አዴ ፋጡማ ትባላለች።

«ሰው ሲጎዳ መርዳት፣ ወዲያው ለፖሊስ ማሳወቅ ግዴታህ ነው። አታውቅም?» አለኝ ፖሊሱ።

አውቃለሁ። መንጃ ፈቃድ ሳወጣ ተፈትኜበታለሁ።

ወደ እሷ ዞረ። «ሲገጭሽ ወርዶ ረድቶሻል?»

አየችኝ። «አዎ፣ ወርዶ አነሳኝ። ሂድ ያልኩት እኔ ነኝ» አለች።

ፖሊሱ ጻፈ። እኔም ፈረምኩ። ባለማሳወቄ ተቀጣሁ፤ ተጎጂን ጥሎ መሄድ የሚለው ከባዱ ክስ ግን ቀረልኝ።

ውጭ ስንወጣ «አዴ፣ እናቴ፣ ለምን እንደዚያ አልሽ?» አልኳት።

«የኔም ልጅ የጅቡቲ መንገድ ሹፌር ነው። ሰው ሲገጭ ይደነግጣል። አንተም ደንግጠህ ነው» አለችኝ።

አልደነገጥኩም ነበር። እሱንም አልነገርኳት።

አሁን እጇ ድኗል፤ ከባድ ነገር ግን አታነሳበትም። በቀደም ከጎረቤቷ ጋር ባጃጄ ላይ ተሳፈረችና «ያኔ ወርዶ ያነሳኝ ልጅ ይሄ ነው» ስትላት ሰማሁ።

«እንዲህ ያለ ሰው ዛሬ የት ይገኛል! አላህ ይባርክህ ልጄ» አለችኝ ጎረቤትየዋ።

ወደ ኋላ መዞር አቃተኝ።

«አሚን» አልኩ።