መልማዩ ጌዶ ላይ ምሳ የበላበት ቀን

በዚያ ቅዳሜ ከአምቦ ወደ ጌዶ በአይሱዙ ተጭነን የሄድነው እነዚህ ነን፦ በረኛው ደረጀ፤ ተከላካዮቹ ጉተማ፣ ታደሰ፣ ፈይሳና እኔ፤ መሀል ላይ ለሚ፣ ሳሙኤልና ገመቹ፤ ፊት ላይ ከድር፣ አበበና ቶላ፤ ከሾፌሩ ጎን ደግሞ አሠልጣኛችን ኦቦ ዲንቃ። ተቀያሪ አልነበረንም።

ያን ቀን ያስታወሰኝ ባለፈው ሳምንት ከጉደር ስመለስ በሚኒባሱ ሬዲዮ የሰማሁት ዜና ነው። ለሚ ኳስ መጫወት አቁሟል። ጋዜጠኛው የአማካዩን ዘመን በአንድ ትንፋሽ ጨረሰው፤ የአዲስ አበባው ክለብ፣ ብሔራዊ ቡድኑ፣ ውጭ አገር የተጫወተባቸው ዓመታት፣ የጉልበቱ ጉዳት፣ መመለሱ። መነሻውን ሲያነሳ "ጌዶ ላይ ሲጫወት መልማይ አይቶት" አለ። ልክ ነው። ግን መሀል ላይ አንድ ምሳ አለ።

ጊዜው መስከረም ነበር፤ ዝናቡ ገና ጨርሶ አልወጣም። ጉደር ስንደርስ ኦቦ ዲንቃ የተጠበሰ የበቆሎ እሸት ገዝተው አደሉንና መኪናው ሳይንቀሳቀስ ተናገሩ።

"ዛሬ ከአዲስ አበባ መልማይ ይመጣል። የሚወስደው አንድ ልጅ ብቻ ነው። ለመታየት ብላችሁ ኳስ የምትደብቁ ካላችሁ እዚሁ ውረዱ።"

ማንም አልወረደም። ወደ ጌዶ ሲወጣ ብርዱ ይጀምራል፤ በቆሏችንን እንደ ምድጃ በሁለት እጃችን ይዘን ነበር።

ለሚ የካቺሲ ልጅ ነው፤ አምቦ አክስቱ ቤት ሆኖ ይማር ነበር። አባቱ ትምህርቱም ኳሱም ካልሆነ ተመልሶ እንዲያርስ ይፈልጉ ነበር። የከድር አባት ከስልጤ መጥተው አምቦ ገበያው አጠገብ ሱቅ የከፈቱ ነጋዴ ናቸው። እሳቸውም በዚያ ዓመት ክለብ ካልወሰደው ሱቅ እንደሚገባ ነግረውት ነበር። አንዱ የሌላውን ጉዳይ ያውቅ ነበር።

በቡድናችን አንድ ደንብ ነበር። ጥሩ ታኬታ ያለው፣ የእግሩ ቁጥር ከሱ ጋር እኩል የሆነ ሰው ካለ ግማሹን ጨዋታ ያውሰዋል። ከድር ወንድሙ ከዱባይ የላከለት ብርቱካንማ ታኬታ ነበረው። ከእረፍት በፊት ለሚ ያደርገዋል፤ ከእረፍት በኋላ ከድር። ከድር ሁለተኛውን አጋማሽ የመረጠው ተከላካዮች ሲደክሙ ነው ጎል የሚገባው ብሎ ነው።

ሜዳው ላይ ስንደርስ የጌዶ ልጆችም እንደኛ አረንጓዴ ማሊያ ለብሰዋል። እንግዳ ስለሆንን ማሊያችንን ገልብጠን ለበስን። ቁጥራችን ወደ ውስጥ ገባ። ለእኛ ይህ አዲስ ነገር አልነበረም። መልማዩ ግን በምን እንደሚለዩን ያሰበ አልነበረም።

ለሚ በመጀመሪያው አጋማሽ የተጫወተውን ዛሬም አስታውሳለሁ። ኳስ ሳይደርሰው በፊት ዞር ብሎ ኋላውን ያያል። ከዚያ ሲደርሰው የሚሰጥበትን አስቀድሞ ስለሚያውቅ አይቸኩልም። እረፍት ላይ መልማዩ፣ ኮፍያ ያደረጉ ወፈር ያሉ ሰው፣ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም ብለው ወደ ከተማ ምሳ ፍለጋ ሄዱ።

እሳቸው ከሄዱ በኋላ ከድር በሕይወቱ አይቼበት የማላውቀውን ጨዋታ ተጫወተ። የመጀመሪያውን ጎል ገመቹ ከግራ ያሻማለትን በግንባሩ ወደ ታች ገጭቶ አገባ። ሁለተኛው ሲገባ እኔ የባቴ ጡንቻ ተሸማቅቆ ከመስመር ውጭ ተኝቼ ሰማዩን እያየሁ ነበር። ጩኸቱን ብቻ ሰማሁ።

መልማዩ የተመለሱት ሊያልቅ ሲል ነው። ፊሽካው እንደተነፋ ጣታቸውን ቀሰሩ።

"ብርቱካንማ ታኬታ ያደረገውን ልጅ ጥሩልኝ።"

ከድር ላቡን በማሊያው እየጠረገ መጣ። እኛም ተከትለን ከበብናቸው። ለሚ ከሜዳው ማዶ ቧንቧ ላይ እግሩን እየታጠበ ነበር፤ አልሰማም።

"አንተን ነው የምፈልገው" አሉት። "ኳስ ሳትቀበል ዞር ብለህ ታያለህ። ማነው ያስተማረህ?"

ከድር ወደ ታች ታኬታውን አየ። ኦቦ ዲንቃም እኛም እሱን አየን። መልሱ የከድር ነበር።

"ጋሼ" አለ ከድር፣ "ታኬታውን ከሆነ የፈለጉት የኔ ነው። ልጁን ከሆነ፣ ያ እግሩን የሚታጠበው ነው።"

"ምን ማለት ነው?"

"ከእረፍት በፊት እሱ ነው ያደረገው። ከእረፍት በኋላ እኔ። ከእረፍት በኋላ ግን እርስዎ ምሳ ላይ ነበሩ፤ ሁለት ጎል አምልጦዎታል።"

ደረጀ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው፤ ከዚያ ሁላችንም ሳቅን። መልማዩም ሳቁ። "ምሳውም ጥሩ አልነበረም" አሉ።

ከድር ወደ ቧንቧው ዞሮ በኦሮምኛ "ለሚ፣ ኮቱ!" ብሎ ጠራው። ለሚ በባዶ እግሩ፣ ውሃው እየተንጠባጠበ መጣ። ሰውየው ስለ ከድርም ጠያየቁን፤ ነገር ግን ያላዩትን መውሰድ አልቻሉም። ለሚ በሳምንቱ አዲስ አበባ ገባ። ከድር መስቀል እንዳለፈ ሱቅ ገባ።

መልማዩ ተሳሳቱ አልልም። ያዩትን በትክክል አይተዋል፤ ለሚም ከዚያ በኋላ ባደረገው ሁሉ ልክ መሆናቸውን አሳይቷል። የሱን ጨዋታዎች የሚፈልግ ሰው ስልኩ ላይ ያገኛቸዋል፤ የትኛዋን ኳስ ለማን እንደሰጠ ቆጥረው ያስቀመጡ አሉ። የከድርን ያን አጋማሽ ግን የቀረጸው የለም።

ትናንት ሱቁ ሄጄ ስለ ሁለተኛው ጎል ጠየቅሁት። ለአንዲት ሴትዮ ስኳር እየመዘነ ነበር።

"ገባች አይደል?" አለኝ። "ምን ልጨምርልህ?"

ስለዚህ የምጠይቀው እናንተን ነው፤ አብራችሁኝ የተጫወታችሁትን፣ ከመስመሩ ዳር ሆናችሁ የጮኻችሁትን የጌዶ ሰዎችም ጭምር። ኳሷን ማን አቀበለው? ከየት መታት? በየትኛው እግሩ? ያየ ይንገረኝ።