ቬርና ባሏን ሳትመርጥ የቀረችበት ዓርብ

ቬርና ፓልኮ ሊጡን በብርጭቆ አፍ ክብ ክብ አድርጋ ትቆርጠውና አንዱን አንስታ መዳፏ ላይ ታስቀምጠዋለች። ከድንቹና ከአይቡ ድብልቅ አንድ ማንኪያ መሃሉ ላይ ታደርጋለች፤ ታጥፈዋለች፤ ከዚያ በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ ዳር ዳሩን ቆንጠጥ፣ ቆንጠጥ፣ ቆንጠጥ። አሥራ አንድ ጊዜ ነው። ቆጥሬዋለሁ። እኔ ዘጠኝ ላይ ስለማቆም የኔ ፒሮጊ (ይህን የታጠፈ ሊጥ የምንጠራው እንዲህ ነው) ውኃው ሲፈላ አፉን ይከፍታል፤ የሷ ግን በአርባ ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ተከፍቶ አላየሁም። በሹካ ጫፍ እየተጫኑ የሚዘጉትን ሴቶች ስታይ አንዱን ቅንድቧን ብቻ ከፍ ታደርጋለች።

ከፋሲካ በፊት ባሉት ዓርቦች ሥጋ ስለማንበላ፣ ቅቤና አይብ ግን ስለማይከለከሉ፣ የቤተ ክርስቲያናችን ምድር ቤት ከጠዋት ጀምሮ በሽንኩርትና በቅቤ ሽታ ይታፈናል። ሴቶቹ በረጅሙ ጠረጴዛ ዙሪያ ሊጥ እንቆነጥጣለን። ወንዶቹ በማሞቂያው አጠገብ ያለውን ክብ ጠረጴዛ ይዘው ለማገዝ የመጡ ይመስላሉ። በጾሙ ሁለተኛ ዓርብ ግን ማስመሰሉም ይቀራል፤ የዚያን ቀን ምርጫ አለ።

የብርጭቆ ፋብሪካችን ከመዘጋቱ በፊት የራሱ የቤዝቦል ቡድን ነበረው። ፋብሪካው ሲዘጋ የሚያጨበጭቡለት ቡድን ያጡ ሰዎች አራት ሆነው ይቀመጡና፣ ጫማቸውን ከሰቀሉት ከነዚያ ተጫዋቾች መካከል፣ የሞቱትንም በሕይወት ያሉትንም፣ ተራ በተራ እየጠሩ ዘጠኝ ዘጠኝ ሰው ይወስዳሉ። ተራው እንደ እባብ ይታጠፋል፤ በመጀመሪያው ዙር መጨረሻ ላይ የጠራ ሰው የሁለተኛውን ዙር ስለሚከፍት ሁለት ሰው በተከታታይ ይጠራል። ከዚያ የማን ቡድን እንደሚበልጥ እስከ ፋሲካ ይከራከራሉ። ቡድኖቹ የትም አይጫወቱም። ሆኖም በዚህ የተነሳ ከወንድሙ ጋር ሁለት ዓመት ሳይነጋገር የቆየ ሰው አውቃለሁ።

ጡረታ የወጣው ፖስተኛ በርኒ ኮቫሊክ ሁልጊዜ የሚጀምረው ከመቺው ጀርባ ቁጢጥ ብሎ ኳስ በሚቀበል ሰው ነው። «መቺ ሞልቷል፤ ጥሩ ተቀባይ ግን ብርቅ ነው» ይላል። የጥርስ ሐኪሙ ፊንሊ ታላቅነትን የሚለካው በዕድሜ ነው፤ አሥራ አምስት ዓመት ሳይጎድል የተጫወተ ሰው ይወድዳል። የሚስማርና የቀለም ሱቅ ያለው ሩዲ ስላቪክ ደግሞ፣ «አንድ ታላቅ ቀን ከአሥር ደህና ዓመት ይበልጣል» ባይ ነው። አራተኛው ወንበር የቬርና ባል የሚሎ ነበር። ሚሎ በጥቅምት ሞተ። ታዲያ ወንበሩን ለማን እንስጠው ሲባል በርኒ «ለቬርና ነዋ፣ ለማን ሊሆን ነው?» አለ።

ልክ ነው። ቬርና ከአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ጀምሮ ፋብሪካው እስኪዘጋ ድረስ የቡድኑ መዝገብ ያዥ ነበረች። ከመረቡ ጀርባ በእንጨት ወንበር ተቀምጣ እያንዳንዱን ኳስ በእርሳስ ትጽፋለች። መቺው መትቶ ወደ ማረፊያው ሲሮጥ ተከላካዩ ኳሷን ቢያጣት፣ ይህ የመቺው ምት ነው ወይስ የተከላካዩ ስህተት? ያንን የምትፈርደው እሷ ብቻ ነበረች። ይግባኝ የለውም። እስከ ዛሬም ክርክር ሲከር አንዱ «መዝገቡ ምን ይላል?» ይላል፤ ከምድር ቤቱ ቁም ሣጥን አንዱ መዝገብ ይወጣል፤ ነገሩ ያበቃል።

በ1962 የወቅቱ የመጨረሻ ጨዋታ ላይ ሚሎ ወርዋሪ ነበር። ስምንት ዙር ሙሉ ከባላጋራው አንድም ሰው ምት ሊያገባበት አልቻለም። በዘጠነኛው ዙር አንድ መቺ ኳሷን ወደ ኤሚል ሁዳክ ሰደዳት። ኤሚል በሁለተኛውና በሦስተኛው ማረፊያ መካከል የሚቆመው፣ በመዝገብ አጻጻፍ ስድስት ቁጥር የሚባለው ተከላካይ ነበር፤ በዚያ ዓመት አንድም ኳስ አልሳተም። ኳሷ መሬት ነክታ ነጠረች፣ ኤሚልን አልፋ ሄደች፣ መቺው አንደኛው ማረፊያ ደረሰ። ሜዳው ሙሉ ዞሮ ቬርናን አየ። ሃያ ዓመቷ ነበር። ሚሎም አያት። «ስህተት፣ ስድስት» ብላ ጻፈች።

የተከላካይ ስህተት በወርዋሪው ላይ እንደ ምት ስለማይቆጠር፣ በዚያች ቃል ሚሎ ፓልኮ ምት ያልገባበት ብቸኛ የከተማችን ወርዋሪ ሆነ። በሚቀጥለው ዓመት ተጋቡ። ኤሚል ደግሞ ሌላ ነገር ሆነ። በከተማችን አንድ ሰው ሰሃን ቢጥል፣ ቁልፍ ከእጁ ቢያመልጠው፣ ሕፃን ማንኪያ ቢወረውር፣ ሁሉም በአንድ ድምፅ «ሁዳክ!» ብሎ ይጮኻል። ሰውየውን ጨርሶ የማያውቁ ልጆች ሳይቀሩ «ስልኬን ሁዳክ አደረግኩት» ይላሉ። ኤሚል እዚያው ካለ እጁን ያወጣል፤ ፈገግም ይላል። በምርጫው ላይ ግን እሱን የጠራ ሰው ኖሮ አያውቅም። ሆኖም በየዓመቱ ይመጣል። ኮፍያውን ጭኑ ላይ አድርጎ ከክቡ ጠረጴዛ ራቅ ብሎ፣ ከማሞቂያው ጥግ ይቀመጣል።

በሚሎ የቀብር ምሳ ላይ አንዷ ልጅ ሙሉ ትሪ ጣለች። ለቅሶ ላይ ነን እንኳ አላልንም፤ «ሁዳክ!» ብለን ጮኽን። ኤሚል እጁን አወጣ። ሰማንያ አንድ ዓመቱ ነው። የዚያን ቀን ሰሃን እያጠብን ሳለ ቬርና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ስህተት አልነበረም» አለችኝ። «ጠጠር ነው ያነጠራት። ትከሻውን መትታው ነው ያለፈችው። መላእክትም አይይዟትም ነበር። ምት ነው።»

«ሚሎ ያውቅ ነበር?»

«አንድ ጊዜ ጠየቀኝ፤ የሠርጋችን ዕለት። ‹ስህተት ነበር› አልኩት። ሁለተኛ አልጠየቀኝም። ግን በየዓመቱ ጨዋታው በተደረገበት ቀን አንድ ሣጥን ቢራ ኤሚል ደጃፍ ላይ አስቀምጦ ይመጣ ነበር፤ ማን እንዳስቀመጠው ሳይጽፍ።»

የበረዶውን ወራት ሙሉ በዚህ ነገር ስትብሰለሰል አየኋት። ኤሚል ስሙ ሳይጠራ ይሞትብኛል ብላ ትፈራለች፤ የኤሚልን ስም ለማጥራት ደግሞ ሚሎ ያለውን አንዱን ክብር መንጠቅ አለባት። በዚያ ዓርብ ጠዋት ግን እጇን ስትታጠብ ዓይኗ ውስጥ የሆነ ነገር አየሁ። «ዛሬ ትንሽ ተንኮል እሠራለሁ» አለችኝ። «አንቺ ሊጥሽን ብቻ እይ። ፊትሽ ያሳብቅብኛል።»

ሽርጧን ሳትፈታ ሄዳ በሚሎ ወንበር ተቀመጠች። ዕጣ ወጣ፤ በርኒ አንደኛ፣ ሐኪሙ ሁለተኛ፣ ሩዲ ሦስተኛ፣ እሷ መጨረሻ። በርኒ ተቀባዩን ጠራ። ሐኪሙ አሥራ ሰባት ዓመት የተጫወተውን ግራኙን ቶትን ጠራ። ሩዲ ጥርሱን ነክሶ ቆየ። በየዓመቱ ሚሎን ሲመኝ ሚሎ ራሱ ራሱን እየጠራ ያስቀረው ነበር።

«ጨዋ ሰው ነኝ» አለ በመጨረሻ፣ ሁላችንም እንድንሰማ። «ባሏን ለራሷ ትቼላታለሁ። ዊልበር ያንኮ።»

«እግዜር ይስጥህ ሩዲ» አለች ቬርና።

«በይ ቬርና፣ ተራሽ ነው» አለ በርኒ። «ማንን እንደምትይ እናውቃለን፤ ለወጉ ያህል ጥሪው።»

«ኤሚል ሁዳክ።»

ሐኪሙ የመስሚያ መሣሪያውን ነካካ። «ማን አለች?»

«ሁዳክ። ያውና፣ እዚያ የተቀመጠው።»

የኤሚል ኮፍያ ከጭኑ ላይ ወደቀ። ማንም አልጮኸም።

«ቬርናዬ፣ ሐዘን ላይ ነሽ፣ ይገባናል» አለ ሩዲ፣ በሚያባብል ድምፅ። «እስቲ ውኃ ጠጪና እንደገና አስቢ።»

«ሃምሳ ሰባት ዓመት አስቤበታለሁ» አለች፣ ከጥፍሯ ሥር ሊጥ እየፋቀች። «ሁለተኛዬን ልጥራ?»

«ጥሪ፣ ጥሪ!» አለ በርኒ፤ አሁን ሚሎን ትጠራዋለች ብሎ ተነፈሰ።

«ሉ ሲኮራ።»

ሩዲ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍቶ ተነሳ። «እንግዲህ በኋላ እንዳትወቅሱኝ! ሁለት ጊዜ አልፋዋለች፣ ሁላችሁም ምስክር ናችሁ! ሚሎ ፓልኮ! ሚሎ የኔ ነው!» ብሎ ጠረጴዛውን ሲመታው የሐኪሙ ቡና ተደፋ።

«ተጻፈ?» አለች ቬርና።

«ተጻፈ» አለ በርኒ።

«አይመለስም?»

«ተጠርቶ የተመለሰ መች አለ?»

«ደግ። እንግዲያው የስልሳ ሁለትን መዝገብ አምጡልኝ።»

እኔ ሊጤን ማየት አቆምኩ። ሌሎቹም ሴቶች አቆሙ፤ ሽንኩርቱ ሲያርር የሚያማስለው ሰው አልነበረም። ቬርና መዝገቡን ከኋላ ገለጠች፣ መነጽሯን አደረገች፣ ከሽርጧ ኪስ ላጲስ አወጣች። ፈግፈግ፣ ፈግፈግ፣ እፍ። ከዚያ እርሳሷን በምላሷ አርጥባ ጻፈች።

«ምት ነበር» አለች። «እኔ ነኝ የተሳሳትኩት። ይኸው ታረመ።»

«አይቻልም!» አለ ሩዲ። «ሕግ አለ! በርኒ፣ ሕግ አለ በላት!»

«ሕግ አለ» አለ በርኒ። «መዝገብ ያዥ የምታርመው እኮ…»

«አንብበው» ብላ የሽፋኑን ውስጠኛ ገጽ ዘረጋችለት።

በርኒ ከማንበቢያው መነጽር በላይ አያት፤ ከዚያ አነበበ። «‹መዝገብ ያዡ የጻፈውን ሊያርም የሚችለው ቀጣዩ ጨዋታ በዚያው መዝገብ ላይ ከመጻፉ በፊት ነው።›»

«ቀጣዩ ጨዋታ የት ተጻፈ?»

በርኒ ገጹን ገለበጠ። ከበስተኋላው ካርቶኑ ብቻ ነበር። የወቅቱ የመጨረሻ ጨዋታ፣ የመዝገቡም የመጨረሻ ገጽ። የስልሳ ሦስቱ ጨዋታ የተጻፈው በሌላ መዝገብ ነው።

«ባልሽን እኮ ነው!» አለ ሩዲ፤ ፊቱ እንደ ቀይ ሥር ሆኗል። «የገዛ ባልሽን!»

«አሁንማ ያንተ ነው» አለች ቬርና። «አይዞህ፣ አንድ ምት ብቻ ያስመታ ወርዋሪም እኮ ደህና ነው።»

ሐኪሙ መሳቅ ጀመረና ሳል ያዘው። በርኒ ግን አልሳቀም፤ ወደ ማሞቂያው ጥግ እያየ ነበር። ኤሚል ተነስቶ ቀስ እያለ መጣ። መዝገቡ ላይ ጎንበስ ብሎ ላጲሱ ያለፈበትን ቦታ በጣቱ ነካው። ሁላችንም ያለቅሳል ብለን ጠበቅን። እኔማ መሐረቤን አውጥቼ ነበር።

«ጠጠር ነበረ» አለ።

«ጠጠር ነበረ» አለች ቬርና። «ይቅር በለኝ ኤሚል።»

«ለሚስቴ ነግሬያታለሁ። ለውሻዬም ነግሬዋለሁ። ያመነኝ ውሻው ነው።» ቀና አለ፤ ከዚያ ፊቱ ተለወጠ። «ግን በመጀመሪያው ዙር? አንቺ ሴትዮ፣ ጤና የለሽም? እኔን እስከ ዘጠነኛው ዙር ማንም አይነካኝም ነበር እኮ! ሃንክ ብሬዛን የሚያህል ተጫዋች ገና ሳይጠራ! መጀመሪያ ብሬዛን ትወስጃለሽ፣ እኔን መጨረሻ ላይ በነፃ ታነሽኛለሽ፤ ምርጫ እንዲህ ነው የሚባለው! ቡድናችንን ገና ከጅምሩ ገደልሽው!»

«ቡድናችን?» አለች ቬርና።

«እና የማን ሊሆን ነው?» አለና ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ። የቀሩትን ሰባት ሰዎች በጆሮዋ እያንሾካሾከ እሱ ነው ያስጠራት። ሁለቱን አልሰማችውም።

ልማድ ቶሎ አይጠፋም፤ ዕቃ ሲወድቅ ዛሬም «ሁዳክ!» ይባላል። ኤሚል ግን እጁን ማውጣት ትቷል፤ ቬርናን ይጠቁማል። ሩዲ ለሦስት ሳምንት ፒሮጊያችንን አልበላም፤ በአራተኛው ሁለት ሰሃን በላ።

በዚያው ዓርብ ምግቡ አልቆ ጠረጴዛ ስንጠርግ በርኒ ወደ ቬርና ጠጋ ብሎ፣ «የመቃብሩ ድንጋይስ?» አላት። እውነትም የሚሎ ድንጋይ ታዝዟል፤ መሬቱ ከበረዶው ሲላቀቅ ይተከላል፤ ከስሙ ሥር «አንድም ምት ያልገባበት» ተብሎ እንዲቀረጽ የነገረችው ራሷ ናት።

«ሰኞ ሄጄ አስለውጠዋለሁ» አለች።

ሰኞ ድንጋይ ጠራቢው ወዳለበት ወደ ጎረቤት ከተማ በኔ መኪና ተነሳን። «አንድ ምት ብቻ» የሚለውን በትልልቅ ፊደል በወረቀት ጽፋ ይዛለች። ድልድዩ ጋ ስንደርስ፣ «ኤሚል ደጃፍ አንዴ አቁሚ፤ በቡድናችን ማን ቀድሞ እንደሚመታ አልተስማማንም» አለች። ገባች። እኔም ብርዱ ሲጠናብኝ ተከትያት ገባሁ። ሉ ሲኮራ ይቅደም አይቅደም ሲባባሉ ዘጠኝ ሰዓት ሆነ፤ ጠራቢው በዘጠኝ ይዘጋል። በቀጣዩ ሰኞ በረዶ ጣለ። በሦስተኛው እኔ ራሴ ደውዬ «ልምጣ ወይ?» አልኳት፤ «ጠራቢው በዚህ ሰሞን ሥራ ይበዛበታል፣ ምን አስቸኮለሽ?» አለችኝ።

«ኤሚል ግን ምን ይላል?» አልኳት።

«ድንጋይ መዝገብ አይደለም ይላል።»

ሚያዝያ ገብቷል፤ መሬቱም ለስልሷል። ለጠራቢው እስካሁን የነገረው ሰው የለም።