የቲቸር አጸደ አጥንት

አጸደ ከጥርስ ሐኪሟ ወንበር ላይ ዘላ ወረደች። አንገቷ ላይ የታሰረውን የፕላስቲክ ሽርጥ እንኳን ሳትፈታ ካዛንቺስ አስፋልት ላይ ወጥታ ታክሲ ውስጥ ገባች። ዶክተር ልዩ ደረጃው ድረስ ተከትላት፣ "ቲቸር! ኧረ ቲቸር ይመለሱ!" እያለች ነበር። ልዩን አራተኛ ክፍል ያስተማረቻት አጸደ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። አምና ሰኔ ዝናብ ሲጥል የትምህርት ቤቱ ደረጃ አዳለጣትና ሁለት የፊት ጥርሶቿ ወለቁ። ከዛ ወዲህ አፏን በእጇ ሳትይዝ አታወራም። ስም ስትጠራ "ሰለሞን" ካለች ያፏጫል፣ ክፍሉም አብሯት ያፏጫል። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ጮክ ብላ ግጥም ስታነብ የኖረች ሴትዮ፣ አሁን "እናንተ አንብቡ" ብላ ትቀመጣለች።

ዛሬ ቅዳሜ ጥርስ ላስተክል ብላ ነው የመጣችው። ልዩ ራጁን አሳየቻት።

"ቲቸር፣ አጥንትዎ ሳስቷል። ጥርሱን የሚሸከም የለም። መጀመሪያ አጥንት እንጨምራለን። ኦግመንቴሽን ይባላል፤ በቃ የጎደለን መሙላት ማለት ነው። ድድ ለሸሸበት ድድ፣ በካንሰር ጡቷን ላጣች ሴት ጡት ይሠራል።"

"አጥንቱን ከየት ታመጪዋለሽ?"

"የበሬ ነው። ተጣርቶ ዱቄት የሆነ።"

"በሁዳዴ?!"

ዘላ የወረደችው ያኔ ነው።

የንስሐ አባቷን አባ ወልደአረጋይን ቂርቆስ ቤተክርስቲያን ግቢ ውስጥ አገኘቻቸው። ነገሩን ሁሉ ነገረቻቸው።

"ትበዪዋለሽ?"

"ኧረ አባ! ድዴ ተከፍቶ እውስጥ ይሰፋል እንጂ።"

"ታዲያ ምግብ መች ሆነ? መድኃኒት ነው። ሂጂ ልጄ። ይልቅ ያንን ሽርጥ አውልቂ፣ ሰው ምሳ አቋርጠሽ የመጣሽ ይመስለዋል።"

ተመለሰች። ልዩ ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ "ፈቀዱ?" አለቻት።

"ዝም ብለሽ ሥሪ!"

ሲያልቅ ከንፈሯ እንደ ዳቦ ኩፍ ብሏል።

"ስድስት ወር እንጠብቃለን" አለች ልዩ። "የራስዎ አጥንት ዱቄቱ ላይ እየተያያዘ ያድጋል። ከያዘ ጥርሱን እተክልልዎታለሁ።"

"ካልያዘስ?"

"አንዳንዴ አይይዝም፣ ቲቸር።"

አጸደ ሽርጡን ራሷ ፈታ አጣጠፈችው። ስድስት ወር ማለት መስከረም ነው። መስከረም ላይ አዲስ ተማሪዎች ይገባሉ፣ ስም ይጠራል። አፏን ይዛ ትጠራ፣ ለቃ ትጠራ፣ እሷም አታውቅም። ልዩም አታውቅም።